የአራቱ በሮች ስክሪኖች

መናኸሪያው አራት በር አለው፤ ከእያንዳንዱ በር በላይ አንድ ስክሪን ተሰቅሏል። የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። አራቱንም የሚያዘው ኮምፒውተር ያለው በመስታወቷ ክፍል ውስጥ፣ በማይክ ተሳፋሪ ከምትጠራው ልጅ ፊት ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ማይኳ» ይላታል።

መጀመሪያ ስክሪኖቹ የተዘበራረቁት በራሳቸው ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተራቸውን አምታታ፤ የበር አንድ ጉዞ በር ሦስት ላይ ወጣ። ቴክኒሻኑ ተጠርቶ መጣ። ዝምተኛ ነው፤ ሲያስብ ጆሮውን ያሻል። አስተካክሎ ሲወጣ ፈገግ ብሎ «አይዞሽ» አላት። በቃ፣ ወደደችው።

ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ ጨዋ ሆነ። ስለዚህ ማይኳ ራሷ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሁለት ገመድ ነቅላ አቀያየረች። ደወለች። መጣ። ዕድሜ ለገመድ! ትንሽ ቆይታ ደገመችው።

ያን ቀን ግን ልጆቿን ይዛ እናቷን ልትጠይቅ የወጣች ሴት ስክሪኑን አምና የማይሆን አውቶቡስ ተሳፈረች። ከመንገድ ተመልሳ መናኸሪያውን በጩኸት አናወጠችው። ኃላፊው ደሙ ፈላ።

«ያ ቴክኒሻን ነገ የማያዳግም መፍትሔ ካላመጣ ውሉ ይሰረዛል!»

ማይኳ ክው አለች። እንጀራውን ልትዘጋበት ነው።

በማግስቱ ቴክኒሻኑ ቤቱ የጻፈውን ስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩን የምታዝ አጭር ፕሮግራም፣ ይዞ መጣ።

«እያንዳንዱ ስክሪን ከፋብሪካው የተሰጠው መለያ ቁጥር አለው» አላት። «ተራው ቢምታታም መለያው አይለወጥም። ስክሪፕቷ መለያውን እያየች ጉዞውን ሁሉ በየበሩ ታወጣለች። ከእንግዲህ እኔን መጥራት የለም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

መሰላል ይዞ ወደ አዳራሹ ወጣ። ከየስክሪኑ ጀርባ መለያውን እያየ በስልክ አነበበላት፤ እሷም ጻፈች። ደረቅ ቁጥር ነው፣ እሷ ግን የፍቅር ቃል የሚነበብላት ይመስል አዳመጠችው። ከዚያ ስክሪፕቷን አስነሳች፤ ስክሪኖቹ ላይ ትልልቅ ቁጥሮች ወጡ።

«በር አንድ ላይ ስንት ወጣ?»

«አንድ።»

«በር አራትስ?»

«አራት» አለና በመስታወቱ አሻግሮ አያት። እሷም አየችው። ሁለቱም ስልኩን መዝጋት ረሱ።

ተመልሶ ሲገባ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ አለና ጆሮውን አሸ።

«ባለፈው ስመጣ መለያው በሰባት የሚያልቀው ስክሪን ሁለተኛው መሰኪያ ላይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ አራተኛው ላይ ነው። ኮምፒውተር ተራ ያምታታል እንጂ እጅ የለውም፤ ገመድ አይነቅልም።»

ፊቷ ሲቀላ ተሰማት። አፏን ከመክፈቷ በፊት ኃላፊው ዘው አለ።

«እህ፣ የማን ጥፋት ኖሯል?»

ቴክኒሻኑ አንዴ አያትና ወደ ኃላፊው ዞረ። «የኔ ነው። ገመዱን አሳስቼ ሰክቼ ነበር።»

«እንግዲያው ውልህ...»

«ውሸቱን ነው ጋሼ!» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ያ ሕዝብ የሚጠራበት ድምፅ። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። እሱ እንዲመጣ ብዬ።»

ኃላፊው ሁለቱን አፈራርቆ አየ። ሊቆጣ ጀመረ፣ ተወው፣ እንደገና ጀመረ።

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል። ያቺንም ሴትዮ ራስሽ ደውለሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ አሁኑኑ! አንተም ለሰው ብለህ ስትዋሽ ሁለተኛ እንዳላይህ።» በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ዝም ብለሽ ብትደውይልኝ እኮ እመጣ ነበር» አላት ቴክኒሻኑ።

«ምን ብዬ? ናፈቅኸኝ ብዬ?»

«አዎ።»

ስልኩን አንስታ የሴትዮዋን ቁጥር መታች። እየጠራ ነው። እሱ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሥራህን ጨርሰሃል እኮ» አለችው በሹክሹክታ።

«ጨርሻለሁ» አለ፤ አልተነሣም።