አንድ እርምጃ፣ አንድ ሜትር

«ስንት?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከባንዲራው ሳትነቅል።

«መቶ አርባ ሁለት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እማዬ፣ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።»

እናቷ ከቦርሳው አንድ ዱላ መዘዘች። እጀታውን በፎጣ ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው። ከዚያ እግሯን አመቻችታ መታች። ኳሷ ወደ ባንዲራው ቀጥ ብላ ሄደች፤ ልጅቷም በልቧ «ድረሺ፣ ድረሺ» እያለች በዓይኗ ተከተለቻት። ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ግን ቁልቁል ወርዳ ኩሬው ውስጥ ሰመጠች።

«ሦስተኛዋ» አለች እናቷ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

የጎልፍ ውድድሩ ነገ ጠዋት ይጀምራል። የእናቷ ሥራ ጎልፍ መጫወት ነው፤ የሌሎች ልጆች እናቶች ቢሮ ወይም ሱቅ እንደሚገቡ እሷ ሜዳ ትገባለች። ታላቁ ዋንጫ ወደዚህ ሜዳ ሲመለስ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ይህ ሜዳ ደግሞ ለእሷ ከሁሉም ይበልጥባታል፤ የመጀመሪያ ኳሷን የመታችው እዚህ ነው። «ዓይኔን ጨፍኜ እጫወትበታለሁ» ትል ነበር። ዘንድሮ ግን ሜዳው ታድሶ ኩሬው ሰፍቷል፣ የአሸዋ ጉድጓዶቹ ቦታ ቀይረዋል፣ ርቀት የሚያሳዩት እንጨቶችም ተነቅለው አልተመለሱም። ርቀት የሚለካ መሣሪያ ይዞ መግባት ደግሞ በውድድሩ ሕግ ክልክል ነው።

ስለዚህ ከየዛፉና ከየአሸዋው ዳር ጉድጓዱ ላይ እስከተተከለው ባንዲራ ያለውን ርቀት በእርምጃ እየቆጠረች አዲስ ደብተር ያዘጋጀችው ልጅቷ ናት። አንድ እርምጃ፣ አንድ ሜትር። ይህን ሥራ ከትንሽነቷ ጀምሮ ስለምትሠራው እናቷ «ሜትሬ» የሚል ስም አወጣችላት፤ አሁን ሜዳው ሁሉ የሚጠራት በዚሁ ነው። ነገ ቦርሳውን የምትሸከመውም እሷ ናት፤ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እናቷ ቀሪዎቹን ኳሶች ይዛ ወደ ልምምድ ሜዳው ሄደች። እዚያ ርቀቱ በትልልቅ ሰሌዳዎች ተጽፏል፤ የምትመታቸው ኳሶችም እዚያው ሰሌዳው ሥር ነው የሚያርፉት። የሚያጥሩት ዋናው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሰነበተው።

ሜትሬ ከኩሬው ኳሶቹን በመረብ እያወጣች ሳለ የሜዳው አትክልተኛ አሸዋ የሚያስተካክሉበትን ረጅም እንጨት ተሸክመው መጡ። ሰው ሁሉ «ጋሽ ሣሩ» ይላቸዋል፤ ከሰው ይልቅ ሣሩን ስለሚያናግሩ።

«ሜትሬ፣ ሱሪውን ለታናሽሽ መልሺላት እንጂ» አሉ።

«ታናሽ የለኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያጠረው ያንቺው ነው። አምና ከኋላዬ ስትመጪ ቱር ቱር ትዪ ነበር፤ ዘንድሮ ከኋላሽ የማለከልከው እኔ ነኝ። ኧረ ምን እያበሉሽ ነው?»

«ሣሩን የሚያጠጡትን ውሃ ሳልጠጣ አልቀረሁም።»

ጋሽ ሣሩ ከት ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ። ቁልቁል እግሯን አየች። ሱሪዋ ሽቅብ ተሰብስቦ ቁርጭምጭሚቷ ከነካልሲው ወጥቷል።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበራቸው እስከ ደረጃው ባለው ኮሪደር ወለል ላይ እናቷ ከዓመታት በፊት አሥር ቢጫ መስመሮች ቀብታለች፤ የመጀመሪያው ከደፉ አንድ ሜትር፣ ሌላው ከዚያ አንድ ሜትር፣ እያለ ይሄዳል። ሜትሬ እርምጃዋን የለመደችው እዚያ ነው። ያኔ መስመሩ ጋ ለመድረስ እግሯን እስኪያማት መዘርጋት ነበረባት፤ ጎረቤቶች «ፌንጣዋ መጣች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

አመሻሹ ላይ፣ እናቷ ገላዋን ስትታጠብ፣ ሜትሬ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ወጣች። ተረከዟን ከደፉ አስጠግታ፣ እንደ ልማዷ እግሯን ዘርግታ ተራመደች። አምስተኛው እርምጃ ላይ መስመሩ ከተረከዟ ኋላ ቀረ። አሥረኛው ላይ የመጨረሻውን መስመር ከግማሽ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ አልፋ ቆመች። ተመልሳ ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ያው ነው።

መቶ አርባ ሁለት ያለችው መቶ ሃምሳ ነው ማለት ነው። እናቷ በተነገራት ልክ ነው የመታችው፤ ኩሬው ውስጥ የገቡት ኳሶች ሁሉ በእሷ ቁጥር ነው የገቡት።

የከነከናት ግን ይህ ብቻ አይደለም። ደብተሩን ከመጀመሯ በፊት እናቷ ጠይቃት ነበር፤ «ኮሪደሩ ላይ እርምጃሽን አይተሻል?» ሜትሬ ሶፋው ላይ ተጋድማ ከጓደኛዋ ጋር መልእክት እየተጻጻፈች ነበር። «አዎ» አለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። ኮሪደሩ የሕፃን ሥራ መስሎ ታይቷት ነበር።

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ደብተሩ በእርሳስ ነው የተጻፈው። ላጲስ ደግሞ አላት። በየመቶው አምስት ተኩል መጨመር ነው፣ አለቀ። ማንም አያውቅም። ነገ ኳሶቹ ይደርሳሉ፣ እማዬ ደስ ይላታል፣ ቦርሳውም ትከሻዋ ላይ ይቆያል። የመጀመሪያውን ገጽ አጥፍታ ጻፈች። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ገለጠች።

ከሳሎን የእናቷ ድምፅ መጣ። ከአክስቷ ጋር በስልክ እያወራች ነው።

«አይ እህቴ፣ ልምምድ ላይማ ምንም አልል። ዋናው ሜዳ ውስጥ ስገባ ነው ክንዴ የሚከዳኝ። ፍርሃት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ያውም በምወደው ሜዳ።» አክስቷን አዳመጠች። «እንጃ፣ ጠዋት ደውዬ ስሜን ላሰርዝ ይሆናል። ከገባሁም ለሁሉም ቦታ ኳሱን አርቆ የሚወስድ ጠንከር ያለ ዱላ ነው የምወስደው፤ ጉልበቴን አላምነውም። ኧረ ቁጥሩማ ልክ ነው። የሜትሬ ቁጥር መቼ ተሳስቶ ያውቃል? እሷ ባትኖር ኖሮ አብጄ ነበር።»

የሜትሬ እጅ ላጲሱን እንደያዘ ቀረ።

ቁጥሩ በስውር ቢስተካከል፣ እናቷ ደግሞ ጠንከር ያለውን ዱላ ብታነሣ፣ ኳሷ ባንዲራውን አልፋ ከኋላ ያለው አሸዋ ውስጥ ትገባለች። ስሟን ካሰረዘች ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በምትወደው ሜዳ ላይ የፈራች እየመሰላት ትኖራለች። ሜትሬ የተፋቀውን ገጽ አየችው። ላጲሱ ቁጥሩን አጠፋው እንጂ የእርሳሱ ጭረት ወረቀቱ ላይ ቀርቷል።

እናቷ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ዛሬ ሁለት ጊዜ የተጠረጉትን ዱላዎች ለሦስተኛ ጊዜ ትጠርጋለች። ስልኩ አጠገቧ ነው።

«እማዬ፣ ኮሪደር ነይ።»

«አሁን? ምን አለ ኮሪደር?»

«እርምጃዬን እንድታዪልኝ።»

«አይተሽው የለ እንዴ?»

ሜትሬ ደብተሩን የተፋቀው ገጽ ላይ ገልጣ ዱላዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

«አላየሁትም። አየሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ክንድሽ ምንም አልሆነም፣ እማዬ። እግሬ ነው የረዘመው።»

እናቷ ደብተሩን አየች፤ ከዚያ የልጇን ቁርጭምጭሚት። ሜትሬ ፊቷን ልታነብ ሞክራ አቃታት። ነገ ቦርሳውን ማን ይሸከም ይሆን የሚለው ጥያቄ አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። በመጨረሻ እናቷ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች።

ሜትሬ የኮሪደሩን መብራት አበራች፤ ተረከዟንም ከደፉ አስጠጋች። ትንሽ አሳጥራ ብትራመድ እያንዳንዱ መስመር ላይ ልክክ ብላ እንደምታርፍ ታውቃለች።

«በይ እሺ» አለች እናቷ ከኋላዋ፣ ቀጠን ባለ ድምፅ።

ሜትሬ እግሯን አሁን ባለው ርዝመቱ ዘረጋችና ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።