ከእርቁ በፊት የሞተው አስተዳዳሪ

አቶ ክንዱ ይቅርታ ሊጠይቅ በነበረበት ቀን ማለዳ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ወንዝ ዳር ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው ድንጋይ፣ ሊሸከመው ብሎ ከወንዙ ያወጣው ድንጋይ ነበር። በአገሩ ወግ በዳይ እርቅ ሲለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል። ክንዱ እስከዚያ አልደረሰም።

ኢንስፔክተር ደጊቱ ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ ሳጅን ፍጹም ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ወልደ ሥላሴ የሚባል ገበሬ በካቴና አስሮ ከመኪናው ጎን አስቀምጦታል።

«ደመኛው ነው» አላት። «ወንድሙን ስመኘውን በቀይ ሽብር ጊዜ ያስገደለው ይኸው ሟች ነው። ምን ይመረመራል?»

«ሳይመረመር ካወቅህማ እኔን ምን አስጠራህ?»

ፍጹም ገዳይ ለመያዝ ሲጣደፍ ሬሳውን እንኳ ገልጦ አላየም።

ሬሳውን በጋቢ የሸፈኑት መሪጌታ አምላኩ ናቸው። ከዲያቆናቱ ጋር ለኪዳን ሲወርዱ አግኝተውት፣ የራሳቸውን ጋቢ ከላዩ ጣሉበትና ፖሊስ እስኪመጣ ማንንም ሳያስጠጉ ቆሙ።

«ነክተውት ነበር፣ መሪጌታ?»

«ኧረ እኔስ አልነካሁት! ሕግ ሳያየው መንካት ጣጣ አለው ይባል የለ? ከሩቁ ደሙን አየሁ፤ ፊቴን አዙሬ አለበስሁት፤ ቆምሁ።»

ደጊቱ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ጎንበስ አለች። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። ጫማው ወልቆ ከጎኑ ተቀምጧል፤ የእግሩ አውራ ጣቶች በጥጥ ፈትል ተጣምረው ታስረዋል። መልሳ ሸፈነችውና፣ ለፍጹም እንኳ ሳትነግረው፣ ማንም ሳይገልጠው ወደ ሐኪም ቤት እንዲወሰድ አዘዘች።

ክንዱን በዚያ አገር የማያውቅ የለም። በዕድገት በኅብረት ዘማች ሆኖ መጣ፤ የገበሬ ማኅበር አደራጀ፤ ካድሬ ሆነ፤ ቀጥሎም የአውራጃ አስተዳዳሪ። ሲያልፍ ሽማግሌው ሳይቀር ብድግ ይልለት ነበር፤ ፈርቶት እንጂ አክብሮት አይደለም። ደርግ ሲወድቅ ታሰረ፤ እስር ቤት አረጀ። ተፈቶ ሲመለስ ምርኩዝ ይዞ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ይስም ጀመር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ሰላም የሚለው ሰው ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹ አንዱ አቶ አዛናው ናቸው፤ ያኔ አብረውት ካድሬ የነበሩ፣ አሁን ግን የእድር ዳኛና የዚህ እርቅ ሽማግሌ።

ደጊቱ መጀመሪያ የሟቹን ሚስት ወለተ ሐናን ጠየቀች።

«ወደ ወንዝ ብቻውን ነው የወጣ?»

«ብቻውን። ‹ድንጋዩን ራሴ ነኝ የምመርጥ› አለ። እኔስ አትሂድ ብዬው ነበር። አስተዳዳሪ የነበረ ሰው በአደባባይ ድንጋይ ሲሸከም ማየት ለኔም ሞት ነው።»

«ዛሬ ምን ሊናገር ነበር?»

«ስመኘው የት እንደተቀበረ፣ ማንስ እንደተኮሰበት። ‹ያዘዝሁ እኔ ነኝ፤ የተኮሰው ሌላ ነው። ለእናቱ ሳልናገር ላንቺም አልናገር› አለኝ።»

«እንደሚናገር ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ለሽማግሌው ነግሯቸዋል መሰለኝ። እርቁን የያዙ እሳቸው አይደሉ?»

ወልደ ሥላሴ ደግሞ ገና ሳትጠይቀው ቀደማት።

«እኔ ብገድለው ኖሮ ፎክሬ እጄን እሰጥ ነበር እንጂ ቤቴ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ? እናቴ የወንድሜን አጥንት ትሻለች። እሱን ገድዬ አጥንቱን ማን ያሳየኛል?»

አቶ አዛናውን እርቁ ሊካሄድበት ከነበረው ዋርካ ሥር አገኘቻቸው። ሕዝቡን እያጽናኑ ነበር።

«ጋሼ አዛናው፣ ማለዳ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ጸሎት ላይ። ከዚያ ቀጥ ብዬ እዚሁ። ሬሳው ዘንድ አልደረስሁም ልጄ፤ ልቤ አልቻለም።»

«ከሐኪም ሲመለስ ማን ይገንዘዋል?»

«እኔው ነኛ! በዚህ አገር ወንድ ሲሞት ከኔ እጅ የሚያልፍ የለ። አሁንም የቀረው መግነዙ ብቻ ነው፤ እሱን ከገበያ አስመጣለሁ።»

ደጊቱ አመስግና የጋቢያቸውን ጠርዝ አየት አደረገች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። የስመኘው እናት እማማ ወለተ ሥላሴ ከፊት ተቀምጠዋል። እሳቸውን ያንገበገባቸው የክንዱ መሞት አይደለም፤ ሳይናገር መሞቱ ነው።

«ገዳዩ ሟቹን መገነዝ ጀምሮ ነበር» አለች ደጊቱ። «ዓይኑን ከድኗል፤ ጫማውን አውልቆ የእግሩን ጣቶች አስሯል። ደመኛ ገድሎ አይገንዝም። ሚስትም እንዳንል፣ በአገራችን ወንድን የሚገንዝ ወንድ ነው። መሪጌታ ከዲያቆናቱ አልተለዩም። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ይሠራል፤ የዚህ ሰው እጅ የለመደው ሬሳ መገነዝ ነው።»

ፍጹም አንገቱን ደፋ።

«ጣቱ መታሰሩን ከእኔ በቀር ያየ የለም። ጋሼ አዛናው ግን ሬሳው ዘንድ ሳይደርሱ፣ የቀረው መግነዙ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ሌላው መሠራቱን ማን ነገረዎት?»

«ልጄ፣ የአፍ ነገር... ዝም ብዬ ነው...»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ጋሼ። የታሰረበት ፈትል ከጋቢ ጠርዝ የተመዘዘ ነው። ጋቢዎን ያሳዩን።»

አዛናው ጋቢውን ጨብጦ ያዘ። ከዚህ ወዲያ ታሪኩን የምነግራችሁ እኔም አንቱታዬን አንስቻለሁ።

«አብሮኝ የበላ ሰው ነው» አለ። «ዓይኑ እንደፈጠጠ ትቼው መሄድ አልሆነልኝም።»

«ስመኘው ላይ የተኮሱትስ እርስዎ ነዎት?»

«እሱ አዘዘ፣ እኔ ተኮስሁ። እሱ ታሰረ፣ እኔ ሽማግሌ ሆንሁ። ያንተን ብቻ ተናገር፣ የኔን ተው ብዬ ወንዝ ድረስ ሄጄ ለመንሁት። እንቢ አለኝ።»

ፍጹም ካቴናውን ከወልደ ሥላሴ እጅ ሲፈታ፣ ወልደ ሥላሴ ወደ አዛናው ተወረወረ። እናቱ መሐል ገቡ።

«ተው! አፉን እንዳትዘጋብኝ!» ወደ አዛናው ዞሩ። «ልጄ የት ነው?»

አዛናው መሬት መሬት አየ።

«በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ለወልደ ሥላሴ በደረሰው ማሳ ነው። ከላይኛው ጥግ፣ ዋንዛዋ ሥር።»

ወልደ ሥላሴ ባለበት ቁጭ አለ። በሬ ጠምዶ በየዓመቱ ያረሰው ማሳ ነው። ያ መሬት ሲሰጠው አዛናው ቆሞ ያይ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እማማ ወለተ ሥላሴ ልጃቸውን ቁልቁል አዩት።

«ምሳህን ይዤ የምጠብቅህ እዚያች ጥላ ሥር አይደለም?»

«እዚያው ነው፣ እናቴ።»

«እንዲያ ከሆነማ ከሁለታችሁ ጋር ነዋ ስበላ የኖርሁ» አሉና፣ እስከዚያ ቀን ይዘውት የኖሩትን ለቅሶ ጮኸው አለቀሱት።