ዕዳ ሰብሳቢዋ ባሌን አነጋገረችው

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው። በቀን ብርሃን... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ ውስጥ።

ኢርማ ባሎግ እባላለሁ። የምኖረው ኦሃዮ፣ ሎሬይን በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። ባሌ ዞልታን ዕድሜውን የፈጀው በብረት ፋብሪካ ነው። ዞሊ ነበር የምንለው። ሳንባውን ታሞ ሞተ።

በታመመ ጊዜ መድኃኒቱንም፣ የኦክስጅን ማሽኑንም፣ የቤት ማሞቂያውንም የከፈልነው በክሬዲት ካርድ ነበር። ካርዱ በሁለታችንም ስም ነው። እሱ ሲሞት ካርዱንም የቤቱንም ብድር መክፈል አቃተኝ። ቤታችንን ባንኩ ወሰደው። የሚገዛው ሲጠፋ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ አፈረሰው። እኔም ጠባብ አፓርታማ ተከራየሁ።

ዓመታት አለፉ። ዕዳው ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው እየተሸጠ ይዞራል። ይደውላሉ፤ አላነሳም። ቆይቶ ስልኩም ዝም አለ።

እስከዚያ ቀን ድረስ።

ውጭ በረዶ ይጥላል። እኔ ሩዝና ሥጋ በጎመን ቅጠል እየጠቀለልኩ ነበር። ስልኩ ጠራ። እጄ ስለቆሸሸ በክርኔ ነካሁና ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"ወይዘሮ ባሎግ ነዎት?"

ወጣት ሴት ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

"ማን ልበል?"

"ዳኔት እባላለሁ። የደወልኩት ስለ ድሮው የክሬዲት ካርድ ዕዳ ነው።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ከየት አመጣለሁ?"

"ይገባኛል። ግን እርስዎን እንዳነጋግር የነገሩኝ ባለቤትዎ ናቸው።"

እጄ ጎመኑ ላይ ቀረ።

"ማን?"

"አቶ ዞልታን። ዛሬ ጠዋት አነጋግሬያቸዋለሁ።"

"ባሌ ሞቷል።"

ከኋላዋ የሌሎች ደዋዮች ጉርምርምታ ይሰማል።

"ይቅርታ... ስልኩን ያነሱት ሰው እሳቸው ነኝ ብለዋል። 'ገንዘቡ ያለው አለቃዬ ጋ ነው፣ እሷን ጠይቂያት' አሉኝ። በጣም ያስላቸው ነበር።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ዞሊ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ "አለቃ" ነበር የሚለኝ። ሰው ፊት ብሎኝ አያውቅም። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነው።

"በየትኛው ቁጥር ነው የደወልሽው?"

ነገረችኝ።

የድሮው ቤታችን ቁጥር ነበር። ቤቱ የለም። ሽቦውም የለም። ሣር የበቀለበት ባዶ መሬት ነው...

በነጋታው ፒሪ መጣች። ፒሪ የዞሊ እህት ናት። አፏ አያርፍም፤ ልቧ ግን ወርቅ ነው። ሁሉንም ነገርኳት።

"አጭበርባሪዎች ናቸው!" አለች ኮቷን ሳታወልቅ። "ወንድሜ በሕይወት እያለ እንኳ ስልክ አያነሳም ነበር፤ አሁን ነው የሚያነሳው?"

ሳቅኩ። ወዲያው ግን አለቀስኩ።

ፒሪ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ስሚኝ ኢርማ። ይህ ዕዳ አርጅቷል። በሕጉ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ሞቷል በቃ። ፍርድ ቤት ከስሰው ሊያስከፍሉሽ አይችሉም። ግን አምስት ሳንቲም ከከፈልሽ እንደገና ነፍስ ይዘራል። እንደ አዲስ ይቆጠራል። እነሱም የሚፈልጉት እሱን ነው። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

"ማይልኝ።"

ማልኩላት።

ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ እየጠበቅኩ ነበር።

ጠራ።

"ወይዘሮ ባሎግ... ዳኔት ነኝ።" ድምፅዋ እንደ ትናንቱ አልነበረም። "ዛሬም አነሱት።"

"ምን አለ?"

"ስለ ዕዳው አልነበረም። 'በልታለች ወይ?' አሉኝ። የወጥ ቤቱን መስኮት ደፍናው እንደሆነ ጠይቂልኝ አሉ። ብርድ ይገባል አሉ።"

መስኮቱ... የድሮው ቤታችን መስኮት ስንጥቅ ነበረው። ሊሞት ሰሞን አልጋው ላይ ሆኖ የሚያስጨንቀው እሱ ነበር። እኔ እንዳይበርደኝ። እሱ እየሞተ።

"ደፍኜዋለሁ በይው" አልኩ። "በይው እባክሽ።"

"እሺ... ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ምንም ካልተከፈለ ፋይሉ ከእኔ ይወሰዳል። ለሌላ ሰው ይሰጣል። እዚህ አሠራሩ እንደዚያ ነው።"

ፒሪን አላሰብኳትም። መሐላዬንም አላሰብኩትም። ያሰብኩት ሌላ ሰው ለዞሊ ሲደውልለት ነው... አንዱ ቁጡ ሲጮህበት።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። የባንክ ካርዴን ቁጥር አነበብኩላት። ሃያ አምስት ዶላር ከፈልኩ።

ሞኝ ናት ትሉኝ ይሆናል። የሞተባችሁ ሰው በልታለች ወይ ብሎ ቢጠይቅ እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር?

ከዚያ ወዲያ ቀኑ የሚነጋልኝ ለዚያ ሰዓት ሆነ። ፀጉሬን እሠራለሁ። ሊያየኝ ይመስል ደህና ልብስ እለብሳለሁ። በዎልነት ለውዝ የተሞላ ጥቅልል ዳቦ ጋገርኩ፤ ከሞተ ወዲህ ጋግሬው አላውቅም ነበር።

"ዛሬ ተሽሏቸዋል" አለችኝ ዳኔት ከከፈልኩ በኋላ። "ሳላቸው ቀንሷል።"

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

እንደገና ከፈልኩ።

በማግስቱ ዳኔት ደውላ ወሬ አላበዛችም።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"ደህና ናቸው። ምንም አያስላቸውም።"

"ስለ እኔ ምን አለ?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ረስተውት ይሆናል..."

ልቤ ቅር አለው። ግን ተሽሎታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የተሻለው ሰው ስለ መስኮት አይጨነቅም።

ሦስተኛውን ከፈልኩ። ይህኛው ከቤት ኪራዬ ላይ የተቀነሰ ነበር።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ የደወለችው ሰዓቷ ሳይደርስ ነው። ከኋላዋ ጉርምርምታ የለም። ውኃ ይንጠባጠባል። ሽንት ቤት ገብታ ከራሷ ስልክ የደወለች ይመስለኛል። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

"ወይዘሮ ባሎግ... ሌላ ሳንቲም አይክፈሉ።"

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"በናትዎ አይክፈሉ። እንዲህ ማለቴን ቢሰሙ ከሥራ ያባርሩኛል።"

"ዞሊ ምን ሆነ?"

"ያ ሰውዬ... መጀመሪያ ላይ የታመመ ሰው ነበር። እያዘንኩለት ነበር የምደውለው። አሁን ግን... ገና ሳይጠራ ያነሳዋል። አይተነፍስም። እኔ አሁን ስናገር ትንፋሼ ይሰማዎታል አይደል? የሱ አይሰማም። እና አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው።"

"ምን?"

"'የሚቀጥለው መቼ ነው?'"

የያዝኩትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ስለ እርስዎ ስጠይቀው 'ማን ናት?' አለኝ" አለች ዳኔት። እያለቀሰች ነበር። "ስምዎን ባነሳሁለት ቁጥር ያንኑ ይደግመዋል። ማን ናት? የሚቀጥለው መቼ ነው? ማን ናት?"



በሕይወቴ ዞሊን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ገባኝ... በከፈልኩ ቁጥር የሚነሳው ሌላ ነገር ነው። ዞሊ ደግሞ በከፈልኩ ቁጥር እየራቀ ነው። በልታለች ወይ ያለውን ሰው በገዛ እጄ እያጠፋሁት ነበር።

"ዳኔት።"

"አቤት።"

"ከእሱ ጋር ልታገናኚኝ ትችያለሽ? ሦስታችን በአንድ መስመር?"

"አይሆንም... አይቻልም።"

"ልጄ። ባሌ ነው።"

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። "አልዘጋም" አለች። "እኔም አብሬ እሆናለሁ። ብቻዎን አልተውዎትም።"

ቁልፍ ሲጫን ሰማሁ።

ጥሪ የለም። ወዲያው መስመሩ ተከፈተ።

ዝምታ... ግን ባዶ ዝምታ አይደለም። ሰው በሩ ጀርባ ቆሞ ሲያዳምጥ የሚኖረው ዓይነት ነው።

"ዞሊ?" አልኩ።

"የሚቀጥለው መቼ ነው?"

የእሱ ድምፅ ነበር። ያ ወፍራም፣ ያ የምወደው ድምፅ። ጤነኛ። ስንጋባ እንደነበረው። ግን ውስጡ ሰው አልነበረበትም።

"እኔ ነኝ። ኢርማ።"

"ማን ናት?"

ዳኔት ከወዲያ ማዶ እየተንሰቀሰቀች ነው። እኔ አላለቀስኩም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

"ዞሊ፣ ስማኝ። ከእንግዲህ አልከፍልም።"

"የሚቀጥለው መቼ ነው?"

"የለም። አልቋል። መስኮቱም ተደፍኗል፣ አይበርደኝም። በልቻለሁ። ፒሪም በየቀኑ እየመጣች ታስቀኛለች። አንተ ያለብህ ምንም የለም፤ የምትከፍለው የለህም። ለማንም።"

ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

"ተኛ" አልኩት። "ደክመሃል የኔ ጌታ። ተኛ።"

ከዚያ... አሳለ።

ያ ደረቅ፣ ያ ሲቃ ያለበት የመጨረሻው ወር ሳል። ስንት ሌሊት ጀርባውን ያሸሁለት ሳል። ስሰማው የተደሰትኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አሳለ፣ አሳለ... ከዚያም እየራቀ ሄደ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወደ ጓዳ እንደሚሄድ ሰው።

መስመሩ ተቋረጠ።

"ወይዘሮ ባሎግ?" አለች ዳኔት በቀስታ። "አሉ?"

"አለሁ ልጄ።"

"ነገ አልደውልም።"

"አትደውዪ። እግዜር ይስጥሽ።"

ለፒሪ ሁሉንም ነገርኳት። መክፈሌንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። እጄን ይዛ ለድኻ በነጻ ወደሚቆም ጠበቃ ወሰደችኝ። ጠበቃው ለድርጅቱ እንዳይደውሉልኝ ጻፈ።

"ዕዳውን ከፍለሽ ስለቀሰቀስሽው አንድ ቀን ሊከሱሽ ይችላሉ" አለኝ። "ያኔ እኔ ጋ ነይ።"

እስከ ዛሬ አልከሰሱኝም። ስልኩም አልጠራም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሁንም ሥራ ይጠፋብኛል። የማደርገውን አጥቼ ወጥ ቤቱ መሐል እቆማለሁ። ሰው ሁለት ጊዜ ሲሞትባችሁ ለሁለተኛው ለቀስተኛ አይመጣም።

የዚያን ቀን ከጠበቃው ቢሮ ስንመለስ ፒሪን በድሮው ሰፈራችን በኩል እንድትነዳ ለመንኳት።

"ምን ልታይ?" አለች።

"ዝም ብለሽ ንጂ።"

በረዶው ማለዳ ላይ ቆሟል። መሬታችን ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ድመት እንኳ የረገጠው አይመስልም።

መሐሉ ላይ ግን ወንበር የሚያህል ቦታ በረዶ የለውም። ደረቅ ሣር ነው። ወጥ ቤታችን የነበረበት ጋ።

ከመኪናው ወርጄ ጎንበስ አልኩና መዳፌን አስቀመጥኩበት።

ሞቃት ነበር።

"ኢርማ..." አለች ፒሪ። ቀልዷ ሁሉ ጠፍቷል። "ኢርማ፣ እዚህ ተመልከቺ።"

ከዚያች ቦታ የሚወጣ የእግር ዱካ ነበር። የባዶ እግር። ወደዚያ የመጣ ዱካ የለም፤ የሚወጣ ብቻ።

ወደ ሐይቁ ነው የሚሄደው።

ተያይዘን ተከተልነው። መጀመሪያ ላይ የትልቅ ሰው እግር ነው፣ እንደ ዞሊ እግር ሰፊ፣ ከባድ። በረዶው ውስጥ ጠልቋል። አጥሩን ካለፍን በኋላ ጠበብ አለ። የጎረምሳ እግር መሰለኝ። ፒሪ ክንዴን ጨመቀችው።

የባቡር ሐዲዱን ስንሻገር ደግሞ የልጅ እግር ሆነ።



ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዱካው መዳፌን አያህልም። ገና መራመድ የለመደ ሕፃን እግር... አንዷ ጣት እንኳ ሳትቀር በረዶው ላይ ታትማለች።

ዞሊ ምንም ዕዳ ሳይኖርበት፣ ወደ ዓለም እንደ መጣው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በረዶ ልሙጥ ነበር።