በምን አለቀ?

«ጣትሽን ከማዞሪያው ላይ አንሺ» አለች አክስቷ፣ ዞር ብላ እንኳን ሳታያት።

ጥድፊያ እጇን ሰበሰበች። እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም፤ አክስቷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም። አክስቷ የትንሹ ሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ጣቢያው የተማሪዎች ነው፤ የዛሬዋ አቅራቢ ደግሞ ጥድፊያ ናት። ልክ በዘጠኝ ሰዓት ለጥገና መብራት እንደሚቋረጥ ተነግሯል። ይህ እንኳን በመጠባበቂያው ባትሪ ይታለፍ ነበር። ባትሪው ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ማን ባዶ እንዳደረገው ጥድፊያ አሳምራ ታውቃለች። ትናንት ልምምዷን ስትጨርስ፣ በባትሪው የሚሠራውን የድምፅ ማቀላቀያ፣ ሚክሰሩን፣ ሳታጠፋ ነበር የወጣችው። ጠዋት አክስቷ «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «እንጃ» አለች።

አክስቷ አልጨቀጨቀችም። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ እንዳይታመቅ መስኮቶቹን በሙሉ ከፈተች። ለማሰራጫው ኃይል የሚሰጠውን መለዋወጫ ፓወር ሰፕላይ ከመደርደሪያው አወረደች፤ ገና ከባትሪው ጋር ሳታገናኘውም ቮልቱን አስተካከለች። የዕቃው ገጽ ላይ የሚበራው ቁጥር «አስራ አራት ነጥብ አራት» ይላል። አላመነችውም፤ በራሷ ቴስተር ደግማ ለካችው። ቀጥላ በማዞሪያው አምፔሩን አስር ላይ ገደበችው፤ ከዚያ በላይ እንዳይሰጠው ባትሪው ጎን ላይ ተጽፏል። ፊውዙን አውጥታ ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና መለሰችው። ሽቦዎቹን ያሰረችው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ቀዩን፣ ከዚያ ጥቁሩን። ጥድፊያ እነዚያን የማይቸኩሉ ጣቶች ማየት ሁሌም ደስ ይላታል።

«ኧረ ለሙሽራም እንዲህ አይጠነቀቁም» አለች ጓደኛዋ ሳቂታ።

«ሙሽራ አትፈነዳማ» አለች አክስትየው። «ይሄ ዕቃ የተሠራው ለሬዲዮ ነው። ባትሪው ይሙላ፣ ይጋል፣ እሱ አያውቅም። የሚያውቅለት ሰው ነው።»

«መቼ ይሞላል ታዲያ?» አለች ጥድፊያ።

«ከአስር ሰዓት በላይ ይፈልጋል። እኛ ያለን እስከ ዘጠኝ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። በደህና ከሄደ አንድ ሰዓት ታወሩበታላችሁ።»

አንድ ሰዓት ለተማሪዎቹ የክርክር ፍጻሜ ብቻ ነው የሚበቃው። ሳይተላለፍ የሚቀረው የጥድፊያ ትረካ ነው፤ ራሷ የጻፈችው፣ ወር ሙሉ የተለማመደችው። አባቷ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ «ስሟት» ብሎ ነግሯቸዋል።

አክስቷ ከመደርደሪያው በገመድ የተንጠለጠለውን ደብተር ገለጠች። እያንዳንዱ ሙሌት አንድ መስመር አለው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቮልት፣ አምፔር፣ ማን እንዳሰረው። ባትሪው ባዶ የሆነበት ምክንያት የሚጻፍበት የመጨረሻው ዓምድ «በምን አለቀ?» ይላል። ሌላውን ሞልታ ያንን ክፍት ተወችው፤ እስክሪብቶውንም ደብተሩ መሃል አስቀመጠችው።

«አንቴናውን ለማየት ጣሪያ ላይ ልወጣ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪቃረብ እቆያለሁ። ከባትሪው አትራቁ። መብራት ድንገት ከጠፋ ቶሎ ሽቦውን ንቀሉት፤ አለዚያ ባትሪው ወደ ኋላ ገፍቶ ዕቃውን ያቃጥለዋል።»

እግሯ ከመውጣቱ ሳቂታ ተጠጋች። «ማዞሪያው እስከ ሠላሳ ይሄዳል እኮ። ሃያ አድርጊው፣ ሳትወርድ እንመልሰዋለን።»

«ብታውቅስ?»

«አታካብጂ። ማን ያያል?»

የጥድፊያ ጣት ማዞሪያው ላይ አረፈ። የአባቷ ፊት ድቅን አለባት። ከዚያ ዓይኗ ደብተሩ ላይ ወደቀ፤ ባዶው ዓምድ አላስቀምጥ አላት። በሌላ እጇ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። እሷ አንደኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ በዚያ ዓምድ ውስጥ የአክስቷ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር፦ «ማጥፋት ረስቼ። ለማካካስ ብዬም አምፔሩን ጨምሬ፣ ባትሪው አብጦ ተጣለ። እኔ ነኝ።»

ሁለቴ አነበበችው። አክስቷ ስትሳሳት አይታት አታውቅም። እንዲህ ያለውን ጥፋት ማንም በሚገልጠው ደብተር ላይ የጻፈች ሴት፣ ጠዋት «እንጃ» ስትባል ዝም ያለችው ሳይገባት ቀርቶ እንዳልሆነ አሁን ተረዳች። አፈረች። አክስቷንም ከቅድሙ ይልቅ አከበረቻት።

ጣቷን አነሳች። አክስቷ እንደምታደርገው በእጇ ጀርባ የባትሪውን ጎን ነካች፤ አልጋለም። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ ጻፈች፦ «ሚክሰሩን ሳላጠፋ ወጥቼ። እኔ ነኝ።»

«አብደሻል እንዴ? አባትሽስ?» አለች ሳቂታ።

«እደውልለታለሁ። ዛሬ የሚተላለፈው ክርክሩ ብቻ እንደሆነ ለባልደረቦቹ ይነግራቸዋል።» የትረካዋን ወረቀቶች አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዚፑንም ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው አክስቷ መጣች። ማዞሪያውን አየች፤ አስር ላይ ነው። ደብተሩን አየች፤ የመጨረሻውን ዓምድ አነበበች። ከዚያ ለማንም የማትሰጠውን ቴስተር ከኪሷ አውጥታ ለጥድፊያ ዘረጋችላት።

«በይ፣ ፓወር ሰፕላዩን አጥፊና ሽቦውን ንቀዪ። ከዚያ ባትሪው ስንት እንደያዘ ለኪ።»

ጥድፊያ አጠፋች፣ ነቀለች፣ ለካች። ቁጥሩን ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው፤ እንደ አክስቷ ደግማ ለካች።