አረንጓዴው መብራት

እኔ ጂን ታየኝ፣ ድምፅ ተሰማኝ የሚሉ ሰዎች ሲያወሩ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፤ ቆቦ ላይ ስልክና ኮምፒውተር ስጠግን ስንት ዓመቴ፣ ተበላሸ የተባለ ዕቃ ሁሉ ወይ ገመዱ ተቆርጧል ወይ ውሃ ገብቶበታል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ይህን የምነግርህም እንድታምነኝ ሳይሆን ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው።

እማ ዘሃራ ከጎብዬ በሚኒባስ የመጡት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ በሻሽ የተቋጠረ ሃርድ ዲስክ ይዘው። የልጃቸው የሰዒድ ነው። ሰዒድ በባሕር ወደ ሳዑዲ እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ሁለት ዓመቱ፣ አለ ሞተ የሚል ወሬ የለም፤ ድምፁ የቀረው እዚያ ውስጥ ባለው የእህቱ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው።

«ድምፁን ብቻ አውጣልኝ የኔ ልጅ፣ ሌላ አልሻም» አሉኝ።

መሞከሪያዬ ላይ ሰካሁት። መሞከሪያው ሁለት መብራት አለው፤ ቀዩ ሲበራ ዲስኩ ሥራ ይዟል፣ ጠብቀው ማለት ነው፣ አረንጓዴው ሲበራ ደግሞ ዝግጁ ነኝ፣ እዘዘኝ ማለቱ ነው። ቀዩ በርቶ ቀረ። አንድ ሰዓት ሙሉ ትዕዛዝ ብልክ፣ ነቅዬ ብሰካ፣ ወይ ፍንክች! እማ ዘሃራ «ምን እያረግኸው ነው?» ቢሉኝ፣ እንዲገባቸው ብዬ «እየጠራሁት ነው እማ፣ አቤት አልል አለኝ» አልኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

«ስንቴ ጠራኸው?» አሉኝ ኮስተር ብለው። «ሦስቴ በስምህ ሳይጠሩህ አቤት እንዳትል፣ የጠራህ ጂን ሊሆን ይችላል እያልኩ ነው እኮ ያሳደግሁት።»

ሳቄን ዋጥ ሳደርግ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ ቀዩም አብሮ ጠፋ፤ መሞከሪያዬ ባትሪ የለውም፣ የሚሠራው በሶኬት ነው። እሳቸው ግን ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው «ሰዒድ!» አሉ። ዝም። «ሰዒድ!» ዲስኩ ውስጥ የሆነ ነገር መሽከርከር ጀመረ፣ እመነኝ፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። «አንተ ሰዒድ!»

አረንጓዴው በራ።

እማ ዘሃራ «አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ አቤት አለኝ!» ብለው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አለቀሱ፣ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ከኋላቸው ዞሬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት። አልጠፋም። ጨርቅ ጣል አደረግሁበትና «ተቃጠለ እማ፣ መለዋወጫ እስኪገኝ እኔ ጋ ይቆይ» ብዬ ዋሸኋቸው፣ ደግፌም ባጃጅ ላይ አወጣኋቸው።

ይኸው ሦስት ወር ሆነው። ከነመሞከሪያው መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ በስንጥቁ አረንጓዴው ይታየኛል። እማ ዘሃራ በየሳምንቱ እየደወሉ «መለዋወጫው መጣ ወይ?» ይሉኛል፣ አልመጣም እላቸዋለሁ። እናትን መዋሸት ኃጢአት እንደሆነ አጥቼው አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ሥራዬን አውቀዋለሁ፣ ዝግጁ ነኝ ያለ ዕቃ ትዕዛዝ እየጠበቀ ነው። እሳቸው ያን ቀን ጠሩት እንጂ ምንም አላዘዙትም። ዳግመኛ ፊቱ ከቆሙ ግን የሚሉትን አውቃለሁ።

«ና» ነው የሚሉት።