የጋሽ መንገሻ ስምንት ዓመት

«ሩሃማ፣ ጉድ ፈላ! ዓመተ ምሕረቱ ልክ አይደለም!»

ዮሐና ግድግዳው ላይ ካለው የነሐስ ሰሌዳ ፊት ቆማ ትጮኻለች። ሰሌዳው ሕንጻው በ1912 ባንክ ሆኖ ተከፈተ ይላል። የሩሃማ ፖስተር ደግሞ 1904። ዳኞቹ ሊመጡ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

ሁለቱ ጓደኛሞች ከአሌክሳንድሪያ በሜትሮ የመጡት ለተማሪዎች የታሪክ ውድድር ነው። ዋሽንግተን መሀል ከተማ ያለው ይህ ሕንጻ አሁን ሆቴል ነው፤ ያሸነፈውን ፖስተር ሎቢው ውስጥ ሊሰቅል ቃል ገብቷል። ሩሃማ ከደስታዋ ብዛት ቁርስ እንኳ አልወረደላትም።

የሕንጻውን ታሪክ የነገሯት የሆቴሉ በረኛ ጋሽ መንገሻ ናቸው። የብረት ካዝናው የት እንደነበር፣ ባንኩ የተዘጋ ቀን ሕዝቡ በዝናብ እንዴት እንደተሰለፈ ሲተርኩ እሳቸውም ሰልፉ ላይ የነበሩ ይመስላሉ። ከፖስተሩ ግርጌ «ምንጭ፦ አቶ መንገሻ» ብላ እንደምትጽፍ ስትነግራቸው፣ «አሜሪካ ከገባሁ ስሜ ከባጅ ሌላ ተጽፎ አያውቅም» ብለው በጣም ተደስተው ነበር።

«የተዘጋበትም ልክ አይደለም! 1933 ነው የሚለው፤ አንቺ 1925 ብለሻል» አለች ዮሐና። «ሰውዬው ፈጥረው ነው የነገሩሽ። ሲሪየስሊ፣ ስማቸውን አጥፊው!»

ሩሃማ ተናደደች። ማርከሩን አንስታ ስማቸውን ሰረዘችው። ቁጥሮቹን ልታርም ስትል ግን እጇ ቆመ። ስምንት ዓመት። ሁለቱም ላይ ስምንት ዓመት! ወደ በሩ በረረች።

«ጋሽ መንገሻ፣ ባንኩ መቼ ነው የተከፈተው?»

«በ1904 አላልኩሽም?»

«ለእንግዶቹስ ምን ይሏቸዋል?»

«ለነሱማ ናይንቲን ትዌልቭ ነዋ! በእንግሊዝኛ ሳወራ በነሱ፣ በአማርኛ ሳወራ በኛ ነው የምቆጥረው። ታዲያ በማን ልቁጠር?»

ሩሃማ በሳቅ ፈነዳች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ቤታቸው የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አንድ ቀን እንኳ ልብ ብላ አይታው አታውቅም።

«በይ፣ ብሬክ ላይ ነኝ፤ መጥቼ ስሜን ልየው» አሉ ኮታቸውን እያስተካከሉ።

ሳቋ ወዲያው ጠፋ። ስማቸውን ሰርዛዋለች! ጋሽ መንገሻ በደስታ ተከተሏት።

«ታችኛውን እጠፊው፤ አያዩትም» አለቻት ዮሐና በሹክሹክታ።

ሩሃማ የፖስተሩን ጫፍ ያዘች። ጋሽ መንገሻ መነጽራቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነው። ዳኞቹም ከጎን ያለውን ፖስተር አይተው ጨርሰዋል። ጫፉን ለቀቀችው።

«ጋሼ፣ የዋሹኝ መስሎኝ ስምዎን ሰርዤዋለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ መንገሻ መነጽራቸውን አድርገው ጥቁሩን መስመር አዩት። ሩሃማ ማርከሩን በሁለት እጇ አቀበለቻቸው።

«እባክዎ፣ እርስዎ ራስዎ ይጻፉት።»

ጎንበስ አሉና ቀስ ብለው «መ» ብለው ጀመሩ። ዳኞቹ መጥተው ቆሙ። 1904 እንዳልታረመ ነው።

«ዋን ሚኒት፣ ፕሊስ» አለች ሩሃማ ለዳኞቹ።