የማይጎድለው ጀሪካን

የደርቤን ልጅ ጠዋት በነጠላ ጠቅልለው አወጡት።

ደርቤ ከአምባራስ የመጣ ገበሬ ነው። ሬሳውን ተቀብሎ ጋቢው ውስጥ ሸሸገውና ወደ ጉሙ ገባ። ማንንም አልጠየቀም። የሚጠይቅበት አንጀት አልነበረውም።

ጠይብ በ«ደጋ በር» የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ጀርባውን አየ። ሆስፒታሉ ባለበት ደባርቅ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የእሱም ልጅ እዚያው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ናት። ገና ስም አልወጣላትም፤ አልጋዋ ላይ የተለጠፈው «የዚነት ልጅ» ይላል። ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት በኦክስጅን ተመልሳ ነበር። እናቷ ዚነትም ፊቷ በርቶ ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። አሁን ጡት አትይዝም፤ አታለቅስም። ጠይብ ልጅ ስታለቅስ እንጂ ዝም ስትል ሰው እንደሚፈራ አያውቅም ነበር።

ሐኪሙ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ደሟን ጎንደር ልከን ነበር፤ ደወሉ። የሷንም የሟቹንም ደም የመረዘው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ነው። ይዛው አልተወለደችም ጠይብ። እዚህ ገብታ ነው የያዛት።»

«ከማን?»

«እሱን አላወቅንም። እኛ ያለን መድኃኒት አይበግረውም። አምቡላንሱ ከዳባት እንደተመለሰ ጎንደር እንልካታለን። ግን ምንጩን ካላገኘን አብሯት ሊሄድ ይችላል። የቀሩት ሕፃናትም አሉ።»

የጠይብ ደም ፈላ። ነርሷ ሲስተር ሃና መርፌ ይዛ ስታልፍ ክንዷን ጨመደደው።

«መድኃኒቱን የት ነው ያደረሳችሁት? ውሃ ነው አይደል የምትወጓት?»

ሃና አልጮኸችም። ዘበኛው ግን ፖሊስ ጠራ።

ሳጅን ማዕረግ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መጣች፣ አየች፣ ካፖርቷን አራገፈች።

«በመጀመሪያ እጅህን አንሳላት» አለችው። «ከዚያ ክስህን እሰማለሁ።»

ነገራት። ሳጅኗ ወደ ሃና ዞረች።

«መድኃኒቱን የት ነው የምትበጠብጪው?»

«እናቶቹ ፊት። ባዶ ብልቃጦቹም ይኸው።»

ዚነት ክፍሉ ውስጥ ከአልጋው ሥር ከተቀመጠችበት ድምጿን አሰማች። «እኔ እያየሁ ነው የምትወጋት። ከኔ እኩል እንቅልፍ አጥታለች። ተዋት ጠይብ።»

ጠይብ አፈረ። ያም ሆኖ ንዴቱ አልበረደለትም፤ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ዘርፈሽዋል በረኪናውን እየሸራረፈች ትወስዳለች፣ ለክፍሉ የምትጠቀመው የቀጠነውን ነው የሚል ሐሜት ሰምቶ ነበር። እሱንም ተናገረ።

ዘርፈሽዋል መጥረጊያዋን ጥላ ቀረበች። ሁለት እጇን ሳጅኗ ፊት ዘረጋች። ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ ደም አዝሏል።

«የቀጠነ በረኪና እንዲህ ያደርጋል ሳጅን?»

«አያደርግም» አለች ማዕረግ። ወደ ሕፃናቱ ክፍል ይዛቸው ገባችና ሐኪሙን ጠየቀችው፦ «ይሄ ባክቴሪያ የምትሉት የት ነው የሚኖረው?»

«እርጥበት ያለበት ቦታ ይወዳል።»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ውሃ የት የት አለ?»

ሃና ወደ ልጅቱ ራስጌ ጠቆመች። «ኦክስጅኑ ደረቅ ስለሆነ አፍንጫቸውን እንዳያቆስል በዚች ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ያልፋል። ውሃው ግን የተጣራ ነው። የምንቀዳው ከዚያ ጀሪካን ነው።»

ጠይብ ጀሪካኑን አየው። ያውቀዋል። በሱቁ «የባትሪ ውሃ» እያለ የሚሸጠው ያንኑ ነው። ሳያስበው በጆሮው ይዞ አነሳው። ከበደው።

«መቼ ነው የተከፈተው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«በየቀኑ ትቀዳላችሁ?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ እንዴት እስከ አፉ ሞላ?»

ሃና ጀሪካኑን ከእጁ ተቀብላ መዘነችው። «ሌሊት ተረኛዋ አዲስ ያወጣች መስሎኝ» አለች። ሌሊት ተረኛዋ ደግሞ ቀን የሚውሉት ያወጡት መስሏታል። እንዲህ እየተማመኑ ሰንብተዋል።

ማዕረግ በንጹሕ ብርጭቆ ቀዳችና ለብርሃን ዘረጋችው። ሥሩ ላይ ቡናማ አተላ ዘቀጠ። ዘርፈሽዋል ገና ስታየው አወቀችው። ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ ወለል የምታጥበው ከጓሮው በርሜል ነው፤ ከዛገው ቆርቆሮ የሚወርደው ዝናብ የሚጠራቀምበት።

ሐኪሙ ተንደርድሮ የሁሉንም ሕፃናት ጠርሙስ መንቀል ያዘ።

«ንጹሑን ቀድቶ ወስዶ በበርሜል ውሃ የተካው ሰው አለ» አለች ማዕረግ። «ከሕፃናት ሌላ እንዲህ ያለ ውሃ የሚፈልግ ማን ነው?»

«ባትሪ» አለ ጠይብ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ነው ነገሩ የታየው። ዚነት አዲ አርቃይ እናቷ ቤት ሳለች ምጡ ጸንቶባት አምቡላንስ የመጣላቸው ቀን። በቃሬዛ ሲያወጧት፣ መኪናው ላይ ሲጭኗት፣ እናቷ ስታለቅስ፣ ሞተሩ አንዴም አልጠፋም። ያኔ ጥድፊያ መስሎት ነበር። ሊማሊሞን ወጥተው ሲደርሱ የሾፌሩን ትከሻ ስሞ፣ «ከአላህ በታች አንቱ ኖት ያዳኑን» ብሎታል። ያን ሰው መጠርጠር አልፈለገም።

አምቡላንሱ ረፋዱ ላይ ገባ። ሾፌሩ ሰብስቤ ሽበታም ሰው ነው። መኪናውን አፍንጫው ወደ ቁልቁለቱ እንዲሆን አድርጎ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም።

«ያጥፉት» አለች ማዕረግ።

«ካጠፋሁት አይነሳም።»

«እኔ ነኝ የማዝዘው። ያጥፉት።»

አጠፋው። ግቢው ጭር አለ።

«ለምንድን ነው የማይነሳው?»

«ባትሪው ደክሟል።»

«ውሃ ጨምረውበት ነበር?»

«ጨምሬያለሁ።»

«ጋሼ ሰብስቤ፣ ከየት አምጥተው ነው የጨመሩበት?»

ሰብስቤ እሷን ትቶ ጠይብን አየ። ከዚያ መሬቱን።

«ከሕፃናቱ ክፍል» አለ። «የተጣራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዕቃ ማጠቢያ መስሎኝ ነው። በልጆቼ እምላለሁ፣ የሚተነፍሱበት መሆኑን አላወቅሁም። ባትሪው ቶሎ ቶሎ ስለሚደርቅ ደጋግሜ ቀዳሁ፤ ጀሪካኑ ጎድሎ ካዩት ነርሶቹ ይጠየቁብኛል ብዬ በቀዳሁ ቁጥር ከበርሜሉ ሞላሁት። ውሃ በውሃ ተካሁ ብዬ።»

«ሕፃናቱ ሲታመሙስ?»

ሰብስቤ ሽበቱን በመዳፉ አሻሸ።

«ከትናንት ወዲያ ነርሷ ከጀሪካኑ ወደ ሕፃናቱ ጠርሙስ ስትቀዳ አይቼ ጠረጠርኩ። ልናገር እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ፈራሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ከትናንት ወዲያ የደርቤ ልጅ በሕይወት ነበር። ጠይብ አንገቱን ሊያንቀው ተወረወረ፤ ማዕረግ በክንዷ መለሰችው።

«የባትሪ ውሃ እኮ ገበያ ላይ አለ!» አለ ጠይብ። «እኔ እሸጣለሁ! ለምን ከኔ አልገዙም?»

«መጀመሪያ የሄድኩት አንተ ጋ ነው ልጄ» አለ ሰብስቤ። «ከአዲ አርቃይ ተደወለ። ወላድ ምጥ ጸንቶባታል፣ ድረስ አሉኝ። ቁልፉን ብጠመዝዘው ትንፍሽ የለም። ባትሪውን ብከፍተው ደርቋል። የጎንደር መንገድ ተዘግቶ በሰነበተበት ጊዜ ነው፤ የባትሪ ውሃ የቀረው አንተ ሱቅ ብቻ ነበር። ሮጬ መጣሁ። ዝግ ነው። በሩን ደበደብኩት። ጎረቤቶችህ፣ ሚስቱ ምጥ ይዟት አዲ አርቃይ ወርዷል አሉኝ። ከዚያ ወዲህም አልተከፈተም።»

ጠይብ የመኪናውን ኮፈን ተደገፈ። ያን ጠዋት ሱቁን የቆለፈው ራሱ ነው። አራት ጀሪካን ከመደርደሪያው ሥር እንዳለ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ የዚነትን ምጥ ሊጠብቅ ወረደ። ምን ያድርግ? ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ያደርግ ነበር? ሰውየው ውሃውን ባይወስድ አምቡላንሱ አይመጣም፤ ዚነትም ልጅቱም አሁን የሉም። በመውሰዱ ደግሞ ይኸው። ነገሩን እያገላበጠ የሚቆምበት አጣ።

ሐኪሙ ከበሩ ተጣራ።

«ልጅቱ እየደከመች ነው። ኦክስጅኑን በደረቁ ይዘን እንወጣለን፤ ለመንገዱ ይበቃታል። አሁን መሄድ አለባት!»

ማዕረግ መኪናውን አየች። እንዲጠፋ ያዘዘችው እሷ ናት። ፊቷ ተለወጠ።

«ሌላ ሾፌር አለ?»

«የለም» አለ ሐኪሙ። «ሌላ መኪናም የለም።»

ጠይብ አልጠበቀም። ወደ ሱቁ ሮጠ። ቁልፉ አልገባ አለው፤ ከዚያ ገባ። ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲመለስ ሰብስቤ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ሁለቱ ባትሪው ላይ ጎንበስ አሉ። ጠይብ ቀዳ፤ ሰብስቤ ክዳኑን እየተከተለ ገጠመ። ከዚያ ሃና፣ ዘርፈሽዋል፣ ዘበኛውና ጠይብ ከኋላ ገፉ። ቁልቁለቱ ረዳቸው። ሞተሩ አንዴ አስነጥሶ ተነሳ።

ማዕረግ ጋቢና ገብታ ከሰብስቤ ጎን ተቀመጠች።

«ልጅቱን ጎንደር እስክናስረክብ ይነዳሉ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከዚያ እኔ ነኝ የምወስድዎት።»

«እሺ» አለ ሰብስቤ።

ሃና ኦክስጅኑን ይዛ ከጠይብ ጋር ከኋላ ተሳፈረች። ዚነት ልጇን በደረቷ አቅፋ ገባች። ከክፍሉ ስላልወጣች ውጭ የተነገረውን አልሰማችም። ከፊት ለፊቷ የሾፌሩን ሽበት አየችና አወቀችው። ከቀናት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

«ጋሼ፣ አሁንም አንቱ ኖት?» አለችው። «አልሐምዱሊላህ። ያኔም ያደረሱን አንቱ ኖት። አላህ እድሜ ይስጥዎት።»

ሰብስቤ ዓይኑን ከመስታወቱ አንስቶ መንገዱ ላይ ጣለ።

ዚነት ወደ ባሏ ዞረች። «ማን ሆኖ ተገኘ? ውሃውን የለወጠው?»

ልጅቱ በቀጭኑ ትተነፍሳለች። ጠይብ ጣቱን መዳፏ ላይ አኖረ፤ አልጨበጠችውም። በሌላ እጁ ኪሱ ውስጥ የሱቁን ቁልፍ ይዟል።

«ጎንደር ስንደርስ እነግርሻለሁ» አላት።

መኪናው ወደ ዳባት ታጠፈ። ሰብስቤ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየሸሸ፣ ልጅቱ እንዳትናወጥ ቀስ አድርጎ ነዳ።